የቡልዶግ አካሄድ ነው

ጉንጬ የምትባለው ቡልዶግ ውሻዬ ስትራመድ ያያት ሁሉ ይስቃል። ከፊት ደረቷን ነፍታ፣ ያንን ትልቅ ጭንቅላት ተሸክማ ትመጣለች። ከኋላ ግን ሌላ ውሻ የተቀጠለባት ነው የምትመስለው። ዳሌዋ ጠባብ ነው፤ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ማዕበል ላይ ያለች ጀልባ በሏት። የማያውቅ ሰው «ምን ሆና ነው?» ሲለኝ መልሴ ሁሌ አንድ ነበር። «የቡልዶግ አካሄድ ነው።»

ዋሽቼ አይደለም። ዋሽቼ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቢያንስ እውነቱን አውቀው ነበር ማለት ነው። የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የአሜሪካ ኬኔል ክለብ የቡልዶግን መመዘኛ ሲጽፍ፣ አካሄዱ መገጣጠሚያው ላላ ያለ፣ እግሩን ጎተት የሚያደርግ፣ ወደ ጎን ገፋ ገፋ የሚል፣ ሲሄድ የሚንከባለል ዓይነት ነው ይላል። መገጣጠሚያው ላላ ያለ! ይህን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሌላው ሰው ሲያነበውም ሰምቻለሁ። የትኛው መገጣጠሚያ ነው የላላው? ምን ያህል ነው የላላው? ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ዝርያው እንደዚያ ነው፣ በቃ።

ከዚያ አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። ጉንጬ መጀመሪያ ከወለደቻቸው ቡችሎች አንዱን የወሰደች ልጅ ናት። ቡችላው ስምንት ወር ሆኖታል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ረበሽኩዎት። ቡቺ ጠዋት ጠዋት መነሳት እያቃተው ነው።»

«እንዴት ያቅተዋል?»

«በፊት እግሩ ይነሳል። ኋላውን ይጎትተዋል። ትንሽ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ይስተካከላል። ሲሮጥ ሁለቱንም የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ ነው የሚያነሳው፣ እንደ ጥንቸል። ስናየው እኛ እየሳቅን ነበር።»

«አይ፣ እሱ የቡልዶግ...» ብዬ ጀመርኩ። ሳልጨርሰው ዝም አልኩ።

«ሐኪሙ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብሎኝ ነው» አለችኝ። «የእናትና የአባቱ ዳሌ ተመርምሮ ያውቃል ወይ ብሏል።»

አያውቅም። የልብ ምርመራ አስደርጌያለሁ። ትንፋሻቸውን አዳምጬአለሁ፣ ቆዳቸውን አይቻለሁ፣ የዘር ሐረጋቸውን እስከ ቅድመ አያት በቃሌ እወጣዋለሁ። ዳሌያቸውን ግን ራጅ አንስቼው አላውቅም። ይህን ለአንዲት ልጅ በስልክ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። እሷ ደግሞ አልተቆጣችም። ብትቆጣ እኮ ደግ ነበር።

ለምን አላነሳሁም? ሦስት ሰበብ ነበረኝ። አንደኛው ማደንዘዣ ነው። እሱ እውነተኛ ሰበብ ነው፤ እመለስበታለሁ። ሁለተኛው ወጪው ነው። ሦስተኛው ከአራቢዎች ጋር ስንሰባሰብ የምንለው ነው፦ «ቡልዶግ ዳሌው ቢመረመር ሁሉም ይወድቃል፤ ታዲያ ማንሳቱ ለምን?» ይህን ሦስተኛውን ስል ራሴን ብልህ አድርጌ ነበር የማስበው። አሁን ሳየው እንደ ተማሪ ነው የሆንኩት፤ እንደሚወድቅ ስላወቀ ፈተና የማይቀመጥ ተማሪ።

ለማንኛውም ጉንጬን ወሰድኳት።

ቡልዶግ ማደንዘዝ ቀልድ አይደለም። አፍንጫው አጭር ነው። ላንቃው ረጅምና ወፍራም ነው፤ ጉሮሮው ላይ ይወድቃል። የአየር ቧንቧው ለአካሉ ቀጭን ነው። ነቅቶ እያለ ራሱን ጠብቆ ይተነፍሳል፤ ሲተኛ ግን ያ ሁሉ ሥጋ ይዝላል፣ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ሐኪሟ ከማስተኛቷ በፊት ለደቂቃዎች ኦክስጅን በጭምብል ሰጠቻት። ቱቦውን ቶሎ አስገባች። ከሁሉም በላይ የገረመኝ ግን መጨረሻው ነው። ሥራው አልቆ፣ ማደንዘዣው ተቋርጦ፣ ጉንጬ ዓይኗን ገልጣ፣ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋም ቱቦው አልወጣም። በደረቷ ተንበርክካ ቱቦውን እያላመጠች ታየናለች። ሐኪሟ ጎኗ ቁጭ ብላ በእጇ ይዛዋለች።

«አይወጣላትም እንዴ?» አልኩ።

«ራሷ እስክትተፋው እጠብቃታለሁ። ሌላ ውሻ ቢሆን ድሮ አውጥቼው ነበር። ቡልዶግን የምናጣው ስናስተኛው ብቻ አይደለም፤ ስናነቃውም ነው።»

አጭር አፍንጫ ያላቸውን ውሾች አዘውትሮ የሚያስተኛ ሐኪም ፈልጉ የምለው ለዚህ ነው። የምትሄዱበት ሐኪም ቱቦውን መቼ እንደሚያወጣ ጠይቁት። መልሱ ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

ራጁ ራሱ ሲነሳ ለሚያየው ሰው ያሳቅቃል። ውሻዋ በጀርባዋ ትተኛለች። ሁለቱ የኋላ እግሮች ቀጥ ብለው ወደ ታች ይሳባሉ፤ እኩል መሆን አለባቸው። ከዚያ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ዞር ይደረጋሉ፣ የጉልበቱ ሎሚ መሃል ላይ እስኪመጣ። ቡልዶግ በጀርባው ሲተኛ እንደ በርሜል ነው፤ ወደ አንዱ ጎን ይንከባለላል። ዳሌው ትንሽ እንኳ ከዞረ አንዱ መገጣጠሚያ ከእውነቱ የተሻለ፣ ሌላው የባሰ መስሎ ይታያል። ሦስት ጊዜ ደጋግመው አነሷት።

ፊልሙን ስክሪን ላይ ስታሳየኝ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። የጭን አጥንት ጫፉ ኳስ ነው። ያ ኳስ ዳሌው ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ጠልቆ መቀመጥ አለበት። የጉንጬ ጎድጓዳ ጎድጓዳ አይደለም፤ ዝርግ ነገር ነው። ኳሱም ክብ መሆኑ ቀርቷል። ግማሽ በግማሽ ውጭ ነው ያለው። በቀኝ በኩል የአጥንቱ ጠርዝ ላይ ሰውነቷ ራሱን ለመደገፍ የለጠፈው ተጨማሪ አጥንት ይታያል። ያ ሁሉ ሰው የሳቀበት መወዛወዝ እዚያ ፊልም ላይ ቁጭ ብሏል።

«ያማታል?» አልኩ።

«ትናንት ተጫውታለች?»

«ተጫውታለች።»

«ስትተኛ እግሯን ወደ ጎን ትዘረጋለች? ሶፋ ላይ መዝለል ትታለች? ስትቆም ክብደቷን ወደ ፊት ታደርጋለች?»

ሦስቱም አዎ ነው። ሦስቱንም «ሰነፍ ናት፣ ቡልዶግ አይደለች!» ብዬ ለሰው አውርቻቸዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡችላ ዳሌው ተበላሽቶ አይወለድም። ሲወለድ መገጣጠሚያው ደህና ይመስላል። ችግሩ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው የሚጀምረው፦ ኳሱን የሚይዘው ጅማትና ከረጢት ይላላል፣ ኳሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ወጣ ገባ ይላል። የቡችላ አጥንት ገና ለጋ ነው፤ የጫኑበትን ቅርጽ ይይዛል። ኳሱ ጠርዙን ሲመታው ጠርዙ ይደፈጠጣል። ጎድጓዳው ጥልቀት ያጣል። ኋላ አጥንቱን የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ ይፋቃል፣ ከዚያ አርትራይተስ ይመጣል። ይህ የዳሌ ዲስፕሌዥያ የሚባለው ነው። በአንድ ጂን የሚመጣ በሽታ ቢሆን ደም ተሰጥቶ ተመርምሮ ይገላገሉት ነበር። ግን የብዙ ጂኖች ሥራ ነው። ላዩ ላይ ክብደት፣ አመጋገብ፣ የሚያድግበት ወለል ሳይቀር ይጨመርበታል።

ቡልዶግ ደግሞ ችግሩን በመደበቅ አንደኛ ነው። አካሉ ከፊት የከበደ፣ ከኋላ የቀለለ ነው። ዳሌው ሲያመው ክብደቱን ትንሽ ወደ ፊት ያደርጋል፣ ማንም አያውቅበትም። እረኛ ውሻ ወይም አዳኝ ውሻ ቢሆን ሩጫው ላይ በሳምንቱ ይታወቅበታል። ቡልዶግን ግን ማን ያስሮጠዋል? ደሞ አያማርርም። ይህ ዝርያ የኮርማ ማናከሻ ነበር፤ እንግሊዝ ያንን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1835 በሕግ ከከለከለችው ቆይቷል፣ ሕመም ውጦ ዝም ማለቱ ግን አብሮት ቀርቷል።

የምርመራው ታሪክ ከቡልዶግ ጋር አልተጀመረም። ጆን ኦሊን የሚባል አደን ወዳድ አሜሪካዊ ባለሀብት በውሾቹ ላይ ይህን ችግር አይቶ ነው እ.ኤ.አ. በ1966 ኦ.ኤፍ.ኤ. የተባለውን ድርጅት ያቋቋመው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሐኪማችሁ ያነሳውን ራጅ ትልካላችሁ። ሦስት የራጅ ባለሙያዎች ለየብቻ ያዩታል፤ አንዱ የሌላውን ውጤት ሳያይ። ከሰባት ደረጃዎች አንዱ ይሰጠዋል፦ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ ደህና፣ ድንበር ላይ ያለ፣ ከዚያ ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ዲስፕሌዥያ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ያልፋሉ። የመጨረሻ ውጤት የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ሲሞላው ነው። እንግሊዞች ደግሞ በቁጥር ነው የሚሄዱት፤ እያንዳንዱ ዳሌ ከ0 እስከ 53 ይታሰባል፣ ድምሩ እስከ 106 ይደርሳል፣ ትንሽ ቁጥር ደህና ነው። አውሮፓ ውስጥ ብዙ ቦታ ከኤ እስከ ኢ በፊደል ይሰጣል።

ጉንጬ ያገኘችው «ከባድ» የሚለውን ነው።

ብቻዋን አይደለችም። ወደ ኦ.ኤፍ.ኤ. ከተላኩት የቡልዶግ ራጆች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዲስፕሌዥያ አለባቸው ተብለዋል። በዝርዝሩ አናት ላይ ከሚቀመጡት ዝርያዎች አንዱ የኛው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ራጅ የሚልከው ፈቃደኛ ባለቤት ነው። ሐኪሙ ጋ አይቶት ልቡ የደነገጠ ሰው ብዙ ጊዜ ፊልሙን መሳቢያ ውስጥ ይቀብረዋል። ስለዚህ ያ ቁጥር የሁሉም ቡልዶግ ቁጥር አይደለም። እኔ የምፈራው እውነቱ ከዚያ የባሰ እንዳይሆን ነው።

«ታዲያ ሁሉም ከወደቀ ፈተናው ነው የተሳሳተው» የሚል ሰው አለ። እንደ ታላቅ ወንድሜ የማየው፣ ብዙ ያስተማረኝ አራቢ ነው። ፊልሙን ሳሳየው ራቅ አድርጎ ያዘውና፣ «አንተ ልጅ፣ ይህ የእረኛ ውሻ ዳሌ አይደለም» አለኝ። «ቡልዶግ ዳሌው ሁሌም እንዲህ ነው። ጡንቻው ነው የሚይዘው። እኔ ስንት ዓመት አራባሁ፣ ስንቱ አነከሰ?»

ቶሎ አልመለስኩለትም፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። ፊልምና ሕመም አንድ አይደሉም። ፊልሙ የሚያስፈራ ሆኖ እስከ እርጅናው ድረስ ደህና የሚሄድ ውሻ አለ። ፊልሙ ደህና ሆኖ የሚያነክስም አለ። የቡልዶግ የጭን ጡንቻ በእርግጥ ብዙ ይሸከማል። ሌላው ግማሽ ግን አልዋጥልኝ አለ። «ስንቱ አነከሰ?» ላለው መልሱ የለውም። ቡችሎቹ በሁለት ወራቸው ነው ከቤቱ የሚወጡት። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቡቺ በስምንት ወሩ ያነከሰው እኔ ቤት አይደለም። ያቺ ልጅ ባትደውል ኖሮ እኔም ዛሬ «ስንቱ አነከሰ?» እል ነበር።

ደግሞ ፈተናው ለማሳለፍና ለመጣል ብቻ ነው ያለው ማን ነው? እዚህ ጋ ነው እኔ ሐሳቤን የቀየርኩት።

ፔንሂፕ የሚባል ሌላ ዘዴ አለ። በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ጌይል ስሚዝ የተባሉ የእንስሳት ሐኪም ናቸው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምረው ያዳበሩት። ሐሳቡን ስሰማ «እንዴት እስከዛሬ!» ነው ያልኩት። እግሩን ቀጥ አድርገህ ስትስበው መገጣጠሚያውን የሸፈነው ከረጢት ይጠመዘዛል፤ እንደሚጨመቅ ጨርቅ። ሲጠመዘዝ ደግሞ ይጠብቃል። ማለትም የተለመደው አነሳስ ራሱ ልልነቱን ይደብቀዋል። ፔንሂፕ ላይ ውሻው በጀርባው ተኝቶ፣ እግሮቹ እንደቆመ ያህል ታጥፈው፣ በጭኖቹ መሃል አንድ መሣሪያ ይገባል፤ ኳሶቹን ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። ኳሱ ምን ያህል እንደወጣ ይለካል፣ ለራሱ ለኳሱ ሬዲየስ ይካፈላል። ውጤቱ ከ0 እስከ 1 ነው። 0 ማለት ግጥም ብሏል። 1 ማለት ጨርሶ ወጥቷል። ከ0.30 በታች የሆነ ውሻ አርትራይተስ የማግኘት ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው ይላሉ። ከ16 ሳምንት ጀምሮ መሥራት ይቻላል፤ ግን ጥልቅ ማደንዘዣ ይፈልጋል። ለቡልዶግ ቡችላ ያ ምን ማለት እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ሐኪሜ ትንሽ ጠንከር እስኪሉ፣ ወደ ስድስት ወር ገደማ ድረስ ትጠብቃለች። ይህ የሷ ምርጫ ነው፣ እኔም እስማማለሁ።

ማደንዘዣው ካለ አይቀር በእጅም ይሞከራል። ኦርቶላኒ ይባላል፤ የጣሊያን የሕፃናት ሐኪም ስም ነው፣ አራስ ልጆች ላይ ነበር የጀመረው። ሐኪሟ የአንዲት ቡችላዬን ጉልበት ይዛ ወደ ዳሌው ገፋ አደረገችው፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ውጭ ከፈተችው። «እጅህን እዚህ አድርግ» አለችኝ። አደረግኩ። መዳፌ ሥር ጠቅ አለ። ኳሱ ወጥቶ ነበር፤ ተመልሶ ሲገባ ነው የሰማሁት። ድምፅ እንኳ አይባልም፤ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ሲወድቅ ዓይነት ነገር ነው። ስንት ዓመት ቡችላ አቅፌያለሁ። ያቺን ጠቅታ ከዚያ በፊት አላውቃትም።

የፔንሂፑ ቁጥር ጥቅም ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። እስቲ አስቡት። ዐሥር ጥሩ ጥሩ ውሾች አሉኝ እንበል። በዳሌ ብቻ ሰባቱን ጣልኩ። ከቀሩት ሦስቱ አንዱ ሲተነፍስ ያንኮራፋል፤ ጣልኩት። አንዱ ልቡ ላይ ድምፅ አለው፤ ጣልኩት። አንድ ቀረኝ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ጎረቤት አራቢውም ያንኑ አንዱን ይፈልገዋል። ከሁለት ትውልድ በኋላ ሁሉም ቡችላ የእሱ የልጅ ልጅ ነው። ይህ ዝርያ ከዚህ በላይ መጥበብ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2016 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪስ፣ ኒልስ ፒደርሰንና ባልደረቦቻቸው የ102 እንግሊዝ ቡልዶጎችን ዘረመል አይተው ነበር። ያገኙት ብዝኃነት በጣም ጥቂት ነው፤ ዝርያውን በዝርያው ውስጥ ሆኖ ለማስተካከል የቀረው ቦታ ጠባብ መሆኑን ጽፈዋል። ያንን ወረቀት ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ከሰው ጋር አላወራሁም።

ስለዚህ ማለፍና መውደቅ ለኛ ዝርያ አይሠራም። 70 በመቶ የሚጥል ወንፊት ዱቄቱንም ይጥለዋል። ቁጥር ግን ሌላ ነገር ያስችላል። እናትየው 0.74 ከሆነች 0.60 የሆነ አባት እፈልግላታለሁ። ልጆቹ መሃል ላይ ይወድቃሉ፤ አንዳንዱ ይሻላል፣ አንዳንዱ ይብሳል። ከተሻሉት እመርጣለሁ። በጣም የባሱትን አላራባም፤ ሁለት የላሉትን አላገናኝም። የፔንሂፕ ሰዎችም የሚሉት ይህንኑ ይመስላል፦ ከዝርያው ጠበቅ ካለው ግማሽ አራቡ። 0.30ን በኔ ዕድሜ አያታለሁ ብዬ አላስብም። 0.60ን ግን አይቻለሁ።

ሌላ ደግሞ የተማርኩት አለ። አንድ ውሻ ብቻውን አይበቃም። «ጥሩ» የሚል ወረቀት ያለው፣ ግን ወንድም እህቶቹ በሙሉ ከባድ የሆኑበት ወንድ አለ። ሌላው ራሱ «ደህና» ብቻ ነው፤ ግን አራት ወንድምና እህቶቹም «ደህና» ናቸው። እኔ ሁለተኛውን ነው የምወስደው፣ ያለ ማመንታት። የመጀመሪያው ዕድለኛ ነው። የሁለተኛው ቤተሰቡ ነው። የዘር ሐረግ ስናይ ሁሌ ወደ ላይ፣ ወደ አያትና ቅድመ አያት ነው የምናየው፣ ወርቅ ያገኘ ሻምፒዮን ፍለጋ። ወደ ጎን ማየት ማን አስተማረን? ወደ ጎን ለማየት ደግሞ የወንድም እህቶቹ ራጅ መነሳት አለበት፤ ቡችላ የወሰዱት ሰዎች ማለት ነው። ስለዚህ አሁን ቡችላ ስሰጥ ሁለት ዓመት ሲሞላው ራጅ እንዲያነሱልኝ እለምናለሁ። ወጪውን እጋራለሁ። ግማሾቹ ይረሱታል። ግማሾቹ ያደርጉታል።

ዳሌ ላይ ብዙ አወራሁ። ጉልበትም አለ፤ እሱ እንኳ ማደንዘዣ አይፈልግም፣ በእጅ ነው የሚታየው። የጉልበቱ ሎሚ ቦዩ ውስጥ ወጣ ወረድ ማለት ሲገባው ወደ ውስጥ በኩል ይንሸራተታል። አራት ደረጃ አለው። አንደኛው ሐኪሙ ሲገፋው ወጥቶ ሲለቀው የሚመለስ ነው። አራተኛው ወጥቶ የቀረ፣ በእጅም የማይመለስ ነው። ሁለተኛውን ሁላችሁም አይታችሁታል፦ ውሻው እየሮጠ ድንገት አንድ እግሩን አንስቶ ሦስት እርምጃ ይዘልላል፣ ከዚያ ያራግፈዋል፣ እንዳልሆነ ሆኖ ይሮጣል። «ሲጫወት ነው» ይባላል። ያ ጨዋታ አይደለም። ይህን ምርመራ ያላደረገ አራቢ ሰበብ የለውም፤ አምስት ደቂቃ ነው። ክርንም ይነሳል። የኔዎቹ ክርን እስካሁን ደህና ነው፣ አልዋሽም፣ ብዙም አላጠናሁትም።

ትንፋሽ ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል። መተንፈስ የማይችል ውሻ ዳሌው ቢያምር ምን ያደርግለታል? በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና በእንግሊዙ ኬኔል ክለብ እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው የትንፋሽ ምርመራ ከ0 እስከ 3 ደረጃ ይሰጣል፤ ውሻው ሦስት ደቂቃ ሶምሶማ ይሮጣል፣ ከሩጫው በፊትና በኋላ ትንፋሹ ይደመጣል። የሁለቱ ምርመራዎች ግንኙነት የገባኝ ዘግይቶ ነው። የማይተነፍስ ውሻ አይንቀሳቀስም። የማይንቀሳቀስ ውሻ ይወፍራል። የወፈረ ውሻ ዳሌውን ይጨርሰዋል።

ውፍረት ካነሳሁ አይቀር። 48 የላብራዶር ቡችሎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ዕድሜ ልካቸውን የተከታተለ ጥናት አለ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቷል። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ከሌላው 25 በመቶ ያነሰ ይመገብ ነበር። ያነሰ የበሉት ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ጨምረው ኖሩ፤ የዳሌ አርትራይተሳቸውም አነሰ፣ ዘገየ። ላብራዶር ቡልዶግ አይደለም፣ አውቃለሁ። ጉንጬን ግን ያንን ካነበብኩ በኋላ አከሳኋት። ጎኗን ስትነካ የጎድን አጥንቷ በእጅ እንዲታወቅ። ሰው ሁሉ «ምነው፣ አሟት ነው?» ይለኛል። ቡልዶግ ክብ ካልሆነ የታመመ ይመስለናል። ከሳ ካለች በኋላ አንድ ጠዋት ሶፋው ላይ አገኘኋት። ማንም አላወጣትም። አየችኝ፤ ውረጂ እንዳልላት ዓይኗን ጨፈነች።

ዳግመኛ አላራባኋትም። ውሳኔው ቀላል ነበር ብል ውሸት ነው። ያየኋት ምርጥ ጭንቅላት የሷ ነው። ፀባይዋ ወርቅ ነው። ከሷ ሌላ አንድ ጊዜ ብቻ ቢወለድ ምን አለበት እያልኩ ሌሊት ሌሊት ከራሴ ጋር ተደራድሬያለሁ። ያቺ ልጅ ቡቺን ቀዶ ሕክምና አስገባችው፤ የጭኑን ኳስ ቆርጠው አወጡት፣ ጡንቻው ራሱ የውሸት መገጣጠሚያ እንዲሠራ። አሁን ይሮጣል አሉኝ። ቪዲዮ ላከችልኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ አንድ ጊዜ ጨረስኩት።

ከመጀመሪያዎቹ ቡችሎች አንዷን፣ ሚሚን፣ አስቀርቼ ነበር። ቁጥሯ 0.61 መጣ። ሻምበል ከሚባል ወንድ ጋር አገናኘኋት፤ እሱ «ደህና» ነው፣ ሁለት እህቶቹም «ደህና»። አምስት ወለደች፤ በኦፕሬሽን፣ እንደ አብዛኛው ቡልዶግ። ባለፈው ወር አምስቱም ተለኩ። አንዱ 0.52 ነው። ሐኪሟ ሁለት ጊዜ ለካችው፣ እኔ ስላላመንኩ። ሁለቱ 0.60 አካባቢ ናቸው። አንዷ 0.66። አንዱ ደግሞ 0.77፤ ከእናቱም ይብሳል።

እሱ ነው አሁን ጠረጴዛው ሥር የተኛው። ለሰው አልሰጠሁትም። ሲሮጥ እንደ ጥንቸል መዝለል ጀምሯል። ቤት ውስጥ የሚያንሸራትተው ወለል ላይ ሁሉ ምንጣፍ ዘርግቻለሁ። ደረጃ በእቅፍ ነው የሚወጣው።

ዛሬ ማታ የያዝኩት ግን የአያቱን ወረቀት ነው። የጉንጬን ራጅ ወደ ኦ.ኤፍ.ኤ. በላክኩ ጊዜ ቅጹ ላይ አንድ ሣጥን ነበር፦ ውጤቱ ጥሩ ካልሆነም ለሕዝብ ይፋ ይሁን ወይ ይላል። ካልፈረምክ መጥፎ ውጤት አይወጣም። ማንም አያየውም። የዘር ሐረጓን የሚፈልግ ሰው ስሟን ሲጽፍ ባዶ ነው የሚያገኘው። ያን ጊዜ ሣጥኑን ባዶውን ትቼው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ያልኳችሁ አራቢ ትናንት ደውሎ የራሱን ሁለት ሴቶች ራጅ ሊያነሳ እንደሆነ ነገረኝ። «ለማንም እንዳትናገር» አለኝ።

ቅጹን አስተካክሎ መላክ ይቻላል። እስክሪብቶው ቀለሙ እያለቀ ነው፤ ሁለቴ ሞክሬ ነው ፊርማው የወጣው።